ማንነቱ ሳይታወቅ ገድሉ አይጻፍ

ውድ ልጆቼ፤

የተፈጥሮ ውህዶችን ልታጠኑ፣ ስለ እነርሱም ልትጽፉ የተነሣችሁ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ከየትኛው ተክል መጀመር እንደሚሻል ነው። በዚህ አትጨነቁ፤ ተክሉ ሞልቷል። እኔን በስተርጅና እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላ ነገር ነው። ከአንድ ቅጠል የወጣ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ውስጡ ምን እንዳለ ገና ሳይለይ፣ ካንሰር እንደሚገድልና ስኳር እንደሚያወርድ የሚተርክ ጽሑፍ ቀድሞት ይወጣል። ማንነቱ ሳይታወቅ ገድሉ ይጻፍለታል።

ድሮ እንዲህ መቸኮል አይቻልም ነበር። ጀርመናዊው ፋርማሲስት ዜርትዩርነር የሕመም ማስታገሻውን ሞርፊንን ከኦፒየም ለይተው ያወጡበትን ሥራ በ1817 አሳተሙ (ዓመታቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሮበርት ሮቢንሰን የሞለኪውሉን ትክክለኛ አወቃቀር ያቀረቡት በ1925 ነበር፤ ማርሻል ጌትስ ደግሞ በ1952 ከመነሻው ገንብተው በቤተ ሙከራ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። አንድ ሞለኪውል ከመቶ ዓመት በላይ ስንቱን ሰው አደከመ! ዛሬ ጥቂት ሚሊ ግራም ንጹሕ ናሙና በእጁ ያለ ተማሪ፣ በማግኔት ኃይል የሞለኪውልን አወቃቀር የሚጠቁመውን የኤን ኤም አር መሣሪያ ካገኘ፣ ያንን የመሰለ ጥያቄ በቀናት ውስጥ ሊመልስ ይችላል። ደስ ይለኛል፤ ትንሽ ቅናትም አለብኝ። ዳሩ ግን መሣሪያው የሚሰጣችሁ ምልክት ብቻ ነው። ትርጓሜው የእናንተ ነው፤ ትርጓሜ ደግሞ ይስታል።

ታላላቆቹም ስተዋል። አዶልፍ ቪንዳውስ በኮሌስትሮልና በዘመዶቹ ላይ ለሠሩት ሥራ በ1928 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ፣ የዚያን ጊዜው የኮሌስትሮል አወቃቀር ስሕተት ነበረበት። በ1932 ጆን በርናል ኤርጎስቴሮል የተባለውን የኮሌስትሮል ዘመድ በኤክስሬይ ሲመረምሩ ሞለኪውሉ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ተገኘ፤ በወረቀት ላይ ከተሣለው ቅርጽ ጋር አልገጥም አለ። በዚያው ዓመት ቀለበቶቹ እንደገና ተደረደሩ። እርማቱ እንዲህ የፈጠነው የቀደሙት ኬሚስቶች የሙከራ ውጤት የሚታመን ስለነበረ ነው እላለሁ። ሥዕሉ ቢሳሳትም ሙከራው ቆሞ ቀረ። በእኛም ዘመን ሄክሳሳይክሊኖል የተባለ የፈንገስ ውህድ አለላችሁ፤ በ2006 ኬሚስቱ ስኮት ሪክኖቭስኪ የኤን ኤም አር ምልክቶቹን በኮምፒውተር አስልተው የታተመው አወቃቀር እንደማያስኬድ አሳዩና ሌላ አቀረቡ። በዚያው ዓመት በቤተ ሙከራ የተሠራ ናሙና የእርሳቸውን ደገፈ።

አሁን ወደ ብልቃጡ ልግባ፤ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ከተክሉ አገኘሁት የምትሉትን ውህድ በእርግጥ ተክሉ ሠርቶታል ወይስ እናንተ? ፕላስቲክን ለማለስለስ የሚጨመሩት ፍታሌቶች ከቱቦና ከክዳን እየሟሙ ወደ ናሙናችሁ ይገባሉ። የሞለኪውል ስብርባሪዎችን ክብደት በሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር ላይ የፍታሌቶች መለያ የሆነችው 149 ቁጥር ጎልታ ስትታይ ከመደሰታችሁ በፊት የጠርሙሱን ክዳን ተመልከቱ። እነዚህ የፕላስቲክ ትርፎች የዕፅዋት ውጤት ተብለው ታትመው ያውቃሉ። አሟሚው ፈሳሽም እጁን ያስገባል፦ አሴቶን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የሃይድሮክሲል ቡድኖች (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች) ካገኘ ይጣበቅባቸዋል፤ ሜታኖል በተክሉ ውስጥ ያለን አሲድ ሜቲል ኤስተር ወደተባለ ሌላ ውህድ ሊለውጠው ይችላል፤ በቆየ ክሎሮፎርም ውስጥ የተፈጠረ አሲድ ስስ የሆኑ ሞለኪውሎችን ይሰብራል። ስለዚህ አዲስ ውህድ ያገኛችሁ ሲመስላችሁ አዲስ የተቀጠፈ ቅጠል ወስዳችሁ በሌላ አሟሚ እንደገና አውጡት። ከዚያም ውስጥ ከተገኘ የተክሉ ነው ለማለት ትቀርባላችሁ።

ሙቀትም የራሱ ጣጣ አለው። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዮዮ ለወባ መድኃኒት ሲፈልጉ፣ አንዱ ተክል አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እንቢ ይላል። ከ1,600 ዓመታት ገደማ በፊት የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ተክሉን በውሃ ዘፍዝፎ መጭመቅን ያዛል፤ ማፍላትን አይጠቅስም። ይህን አንብበው ሙቀቱ መድኃኒቱን እያጠፋው ይሆናል ብለው ጠረጠሩ። በ1971 በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላው ኤተር ሲያወጡት ጉልበቱ ተገኘ። አርቴሚሲኒን የተባለው ይህ መድኃኒት ሁለት የኦክስጅን አቶሞች የተያያዙበት ስስ ድልድይ አለው፤ ወባን የሚገድለውም ያው ድልድይ ነው። ኖቤሉ በ2015 መጣ። ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው የጥንት ጥበብን ክብር ነው፤ ክብሩ ይገባዋል። እኔ ግን ለተማሪዎቼ የማሳየው የሙቀት መለኪያውን ነው። በምን አሟሚ፣ በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት እንዳወጣችሁ ያልጻፋችሁበት ደብተር ለሚቀጥለው ሰው ከባዶ ወረቀት ብዙም አይሻልም።

ተክሉ ራሱስ ማን ነው? በ1993 ከቤልጅየም በወጣ ዘገባ፣ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅ ያለበት መድኃኒት የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው በፍጥነት ተበላሽቶ ተገኘ። ስቴፋኒያ የተባለው ዕፅ መሆን በነበረበት ቦታ አሪስቶሎኪያ የተባለው ገብቶ ነበር፤ የሁለቱ ዕፆች የቻይንኛ መጠሪያ ተቀራራቢ ነው። በአሪስቶሎኪያ ውስጥ ያለው አሪስቶሎኪክ አሲድ ኩላሊትን ያበላሻል፣ ካንሰርም ያመጣል፤ ደግሞም ከራስ እስከ እግሩ ተፈጥሯዊ ነው። እንግዲህ ቅጠሉን፣ ከተገኘም አበባውንና ፍሬውን ተጭኖ የደረቀ ናሙና አድርጋችሁ በሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት በሚጠበቁበት ማከማቻ) አስቀምጡ፤ የዕፅዋት ባለሙያ ይመርምረው፣ ቁጥሩንም በጽሑፋችሁ ጥቀሱ። ከየትም ስትሰበስቡ የአገሩን ፈቃድ ያዙ፤ በ2014 ሥራ ላይ የዋለው፣ የአገሮችን የሕያዋን ሀብት አጠቃቀም የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የናጎያ ፕሮቶኮል፣ ጥቅም ማጋራትን የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ተፈጥሯዊ የሚለው ቃል በብዕራችሁ ላይ ውዳሴ እንዳይሆን። ገዳዩ መርዝ ስትሪክኒንም ተፈጥሯዊ ነው። ከቫኒላ የወጣ ቫኒሊንና በፋብሪካ የተሠራ ቫኒሊን አንድ ሞለኪውል ናቸው። አቅጣጫን ግን አትርሱ፤ ካርቮን የተባለው የሽታ ውህድ እንደ ግራና ቀኝ እጅ ሁለት መልክ አለው፣ አንዱ ናና ናና ይሸታል፣ ሌላው ካራዌይ የተባለውን ቅመም። የትኛውን መልክ እንዳገኛችሁ ሳትለዩ ስለ ባሕርዩ አትጻፉ።

ስለ ጽሑፍ ካነሣሁ የእርድ ቢጫ ቀለም የሆነውን ኩርኩሚንን ልጥቀስ። በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ተጽፈውለታል። በ2017 የመድኃኒት ኬሚስቶች መረጃውን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ውህዱ በቀላሉ የሚፈርስና መለኪያዎችን የሚያታልል ሆኖ አገኙት፤ ከ120 በላይ ከሆኑት በሰው ላይ የተደረጉ ሙከራዎች መካከልም መርማሪውም ታካሚውም ሳያውቁ ከባዶ ክኒን ጋር ተወዳድሮ ያሸነፈበት አንድም አላገኙም። ብርሃን ይሰጣል፣ ይከማቻል፣ ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ መሣሪያው ይህን ሁሉ እንደ ፈውስ ይቆጥርለታል። በብርጭቆ ሳሕን ላይ የተዘራን የካንሰር ሴል በረኪናም ይገድለዋል። መጠኑን ጻፉ፤ በዚያው መጠን ጤነኛው ሴል ምን እንደ ሆነም ጻፉ። አንባቢ ከምታስቡት በላይ ብልህ ነው፣ የታመመ አንባቢ ግን ተስፋ ይፈልጋል፤ ያንን ተስፋ በአንድ ያልተጣራ ጭማቂ ላይ አታስሩበት።

በመጨረሻ አንድ ትንሽ ነገር። የለያችሁትን ውህድ ሁሉ በሙከራ አትጨርሱት፤ ጥቂት ሚሊ ግራም ከብርሃን ሸሽጋችሁ በማቀዝቀዣ አስቀምጡ። ሥራችሁን የሚጠራጠር ሰው ናሙና ሲጠይቃችሁ፣ ተቀናቃኛችሁም ቢሆን፣ አትንፈጉት። ብልቃጡ ላይ የውህዱን ኮድ፣ የተለየበትን ቀንና የደብተሩን ገጽ ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም አሴቶን ሲነካው ይለቃል።