ፉከራውን ትታችሁ ጎተራውን ጠይቁ

ልጆች፣ ስለ ጦርነት የምትጽፉትን አነባለሁ። ስንት ሺህ ሰው ዘመተ፣ ማን ጀግና ነበር፣ የትኛው መሣሪያ ከየትኛው ይበልጣል። ፉከራ አልጠላም። ጎጃም ተወልዶ ፉከራ የሚጠላ ካለ አሳዩኝ! ግን ዕድሜዬን ከገበሬ ጋር የጨረስኩ የግብርና ባለሙያ ነኝና ጨዋታችሁ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለኛል። ያ ሁሉ ሰው ምን በላ? ማን አበላው? እሱ ሲዘምት ማሳውን ማን አረሰለት?

አድዋን እንውሰድ፣ ሁላችሁም ስለምታውቁት። ክተት የታወጀው መስከረም 1888 ነው። በመስከረም እህሉ ገና ማሳ ላይ ነው። ጦርነቱ የሆነው ደግሞ የካቲት 23። በመካከሉ ያሉትን ወራት አስቧቸው። መቶ ሺህ ገደማ ታጣቂ፣ በላዩ ላይ ሴቱ፣ አሽከሩ፣ በቅሎው፣ አህያው ከወረኢሉ ተነሥቶ ትግራይ ድረስ ይጓዛል። በሶና ድርቆሽ ይዞ የወጣው ሰው ስንቁ መንገድ ላይ ያልቅበታል። ከዚያ በኋላ ወይ ከመንግሥት ጎተራ ይሰፈርለታል፣ ወይ የሰፈረበትን አገር ይበላል። ሌላ ምርጫ የለም።

ሰፍሮ መብላት ምን እንደሆነ ጎጃም ያውቀዋል። በ1881 የአፄ ዮሐንስ ጦር ገብቶ ከብቱንም እህሉንም አራቆተው፣ ክፉ ቀንም ተደረበበት። በሬ በበሽታ አለቀ፣ ሰው በእጁ ቆፈረ። አፄ ምኒልክ ከዚህ በኋላ ነው አሥራት ያስገቡት፤ ወታደሩ ከገበሬው ቤት ገብቶ ከሚበላ፣ ገበሬው አሥራቱን ለመንግሥት ጎተራ ያስገባና ወታደሩ ከዚያ ይሰፈርለት በሚል። እኔ ለዚህ አዋጅ የምሰጠው ቦታ ለመድፉ ከምሰጠው አያንስም። አዋጁ እንደወጣ ሁሉ በየቦታው ተፈጸመ እያልኩ አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር።

ያም ሆኖ አድዋ አጠገብ ሲሰፍሩ የምኒልክ ጦር ስንቅ እየተሟጠጠ ነበር። የጣልያኑ ጦር አዛዥ የባራቲዬሪም እንደዚያው። ሁለቱም ሌላው ተርቦ ቀድሞ እስኪነቀል ነበር የሚጠባበቁት። ባራቲዬሪ ስንቁ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሮምም የጠቅላይ ሚኒስትሩ የክሪስፒ ቁጣ ሲጨመርበት፣ ወጣ። የሆነውን ታውቁታላችሁ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው እዚያው ነበሩ፤ ከክፉ ቀን በቅጡ ካላገገመ አገር ስንቅ አሰናድቶ ያን ያህል መጓዝ ምን ማለት እንደሆነ ግን ሲነገር ብዙም አልሰማም።

አሁን ወደ ፈረንጅ አገር ልውሰዳችሁ። ዩሪያ ሲጠፋ ገበሬ ዘመዶቻችሁ ምን እንደሚሉ ሰምታችኋል አይደል? ዩሪያን ማዳበሪያ የሚያደርገው ናይትሮጅን ለፈንጂም የግድ ያስፈልጋል። ጀርመን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ይህን ከቺሊ በመርከብ ታስመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1914 እንግሊዝ ባሕሩን ስትዘጋባት ናይትሮጅኑን ከአየር በፋብሪካ ወደ ማምረት ዞረች። ጎበዝ ናቸው፣ አይካድም። ግን የተመረተው ቅድሚያ ለጥይት ሆነ፣ ማሳው ጦም አደረ። ወንዱም ፈረሱም ግንባር ሄዷል። በ1916 መጨረሻ፣ በፈረንጅ አገር የብርድ ወራት፣ ድንቹም ሲበላሽ ከተሜው ለከብት የሚሰጠውን ሥራ ሥር እየቀቀለ በላ። ያን የመሰለ ኢንዱስትሪ ያላት አገር!

አሜሪካ ሌላ ናት። እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ የቤት መኪና ማምረት በትእዛዝ አስቁማ ፋብሪካዎቹን ወደ ታንክና አውሮፕላን አዞረች፤ የፎርድ አንዱ ፋብሪካ በጣም በሠራበት ወቅት በየሰዓቱ አንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ያወጣ ነበር። ሀብታም ስለሆነች ቻለችው። እሷም ብትሆን ስኳርና ሥጋ በኩፖን አከፋፍላለች። ግብር ከደመወዝ ላይ እጅ ሳይገባ የመቁረጡን አሠራር በ1943 ያስፋፋችው ለዚሁ ነው። ጦርነቱ አለቀ፣ መቁረጡ ግን እስከ ዛሬ አለ። (ደመወዝተኛ ስትሆኑ ታስታውሱኛላችሁ።)

እኛ ዘንድ የሆነውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ሚያዝያ 1969 የእናት አገር ጥሪ ተባለ፣ ገበሬው ሚሊሺያ ሆኖ ታጠቅ ጦር ማሠልጠኛ ገባ። በ1975 ደግሞ ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ። በየዙሩ ለገበሬ ማኅበሩ ቁጥር ይመጣል፣ ሊቀመንበሩ ያንን ቁጥር ማሟላት አለበት፣ ካልሞላ አፈሳ ነው። ልጆቹ ጫካ ያድሩ ነበር። እህሉም እንደ ሰው ኮታ ነበረው፤ ለመንግሥት በተተመነ ዋጋ የግድ ይሰጣል።

በዚያ ዘመን ቢቸና አውራጃ ስሠራ፣ አንድ የማውቃቸው ገበሬ ቅዳሜ ገበያ ጤፍ ሲገዙ አገኘኋቸው። በጤፍ አገር ጤፍ አምራች ጤፍ ሲገዛ! «ምነው ጋሼ?» ብላቸው «ኮታው አልሞላልኝም» አሉኝ። በገበያ ዋጋ ገዝተው፣ በአህያ ጭነው፣ ለመንግሥት ሚዛን በገዙበት ግማሽ በማይሞላ ዋጋ ሊያስረክቡ ነው። ካላስረከቡ ከማኅበሩ ሱቅ ጨውና ሳሙና የለም፣ መሬቱም ያሰጋል። ልጃቸው በብሔራዊ ሄዷል። ሁለት በሬ አላቸው፣ ጠምዶ የሚያርስ ግን የለም። ታዲያ ማሳው ሳይታረስ ኮታው ከየት ይሞላል? ሚዛኑ ላይ የቆመው ጎረምሳ ጆንያውን በእጁ ጨበጥ ጨበጥ አድርጎ «አፈር አለበት» ብሎ ደግሞ ቀነሰላቸው። እኔ ደመወዜን ከዚያው መንግሥት እየወሰድኩ ቆሜ አየሁ።

ገበሬው ሞኝ አይደለም። የሚወሰድበትን ያህል መዝራት ተወ፣ የቀረውን ደበቀ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ሲባል ወደ ግንባር የሚሄደው ነገር እያነሰ ነበር። ኮታው የተነሣው በ1982 ነው፤ በዓመቱ የደርግ መንግሥት ራሱ ወደቀ። ኮታው ብቻውን ጣለው አልልም። ግን እህሉን በሰጡት ሰዎች ዘንድ የሚያዝንለት አልተረፈውም ነበር።

ዛሬ በጎጃም ስላለው ነገር እዚህ አልገባም፣ ምክንያቱ አይጠፋችሁም። ምክሬ ስለ ማንኛውም ጦርነት ነው፣ የማንም ይሁን። አንዱ ተነሥቶ «ሕዝቡ ሆ ብሎ ወጣ» ሲላችሁ የወጣበትን ወር ጠይቁ። ሰኔ ከሆነ ማሳው ጦሙን አድሯል፣ ኅዳር ከሆነ አዝመራው ሜዳ ላይ ቀርቷል። ወጪውን በምን እንደከፈሉት ጠይቁ፤ በግብር ከሆነ ሰው ያውቀዋል፣ ብር በማተም ከሆነ ግን ማንም በር አያንኳኳም፣ ጤፉ ብቻ ይወደዳል።

ደግሞ አያቶቻችሁ ሳያልፉ ጠይቋቸው፣ ጻፉትም። ኮታ ስንት ኩንታል ነበር፣ በስንት ብር፣ ገበያው ያኔ ስንት ነበር፣ ማን ልጅ በየትኛው ዙር ሄደ፣ ተመለሰ ወይስ አልተመለሰ። ወሩን አትርሱ። ጥር ላይ አንድ ኩንታል መስጠትና ሰኔ ላይ አንድ ኩንታል መስጠት አንድ አይደለም፤ የሰኔው ዘር ነው።