የትራክ ዴይ ጎማ ጥያቄና መልስ፦ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ያለቀውን እዩት

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የጎማ ጥያቄ በዝቶብኛል ስለዚህ ዛሬ ማታ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ የምችለውን እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፣ የምኖረው ዲሲ አካባቢ ነው፣ ትራክ (የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ) መሄድ ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ቨርጂኒያ ያለው ቪአይአር። መኪናዬ ማዝዳ ሚያታ ናት። የምናወራው ስለ እሽቅድምድም አይደለም፣ የገዛ መኪናህን ይዘህ ሄደህ ሃያ ሰላሳ ደቂቃ እየገባህ የምትወጣበት፣ ጀማሪ ከሆንክ አጠገብህ አስተማሪ የሚቀመጥበት ቀን ነው። መካኒክ አይደለሁም ጎሚስታም አይደለሁም፣ ብዙ ጎማ የጨረስኩ ሰው ነኝ በቃ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ቶዮታ ጂአር86 ገዛሁ፣ የመጀመሪያ ቀኔ የሚቀጥለው ወር ነው። ጓደኞቼ ዮኮሃማ ኤ052 የሚባለውን ለስላሳ ጎማ ካላሰርክ አትሂድ ይሉኛል። ልግዛ?

መልስ፦ ምንም አትግዛ። መኪናህ ከፋብሪካ ይዞ የመጣው ጎማ ጥርስ ካለው፣ ጎኑ ካልተሰነጠቀና ካላበጠ በሱ ሂድ። ቤዙ ሞዴል ከሆነ ሚሽሊን ፕራይማሲ ነው ያለው፣ የሚንሸራተት ጎማ ነው፣ ለጀማሪ ደግሞ የሚንሸራተት ጎማ ጥሩ አስተማሪ ነው ምክንያቱም በዝቅተኛ ፍጥነት ቀስ ብሎ ይለቅሃል፣ ሲለቅህም እየጮኸ ነው፣ ትሰማዋለህ። ኤ052 ግን አስፋልቱን ቆንጥጦ ይይዝና ስህተትህን ሁሉ ይሸፍንልሃል፣ ሲለቅህ ደግሞ በጣም ሮጠህ ነው የምትገኘው። እኔ በሁለተኛ ዓመቴ ልክ እንዳንተ ተመክሬ ገዛሁት፣ ፈጣን የሆንኩ መሰለኝ፣ ጎማው ፈጣን ነበር እንጂ እኔ አልነበርኩም፣ በጥቂት ቀን ደግሞ አለቀ። ከአራት አምስት ቀን በኋላ የፋብሪካው ጎማ ሲያንስህ ያኔ እናወራለን። አሁን ገንዘብህን ፍሬን ላይ አውለው፣ የፍሬን ዘይት ቀይር፣ የፍሬን ሸራው ምን ያህል እንደቀረው እይ።

ጥያቄ፦ ትሬድዌር 200 ማለት ምን ማለት ነው? ሁሉም 200 ይላል ግን አንዱ አመት ይቆያል አንዱ ወር አይሞላም።

መልስ፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ። ቁጥሩ ጎማው ምን ያህል እንደሚቆይ ለማሳየት የአሜሪካ መንግስት ያወጣው መለኪያ ነው፣ መነሻው 100 የተባለ ማወዳደሪያ ጎማ ነው፣ 200 ማለት በፈተናው ላይ ከሱ እጥፍ ቆየ እንደማለት ነው። ግን ፈታኙ መንግስት አይደለም ፋብሪካው ራሱ ነው፣ ራሱ ፈትኖ ራሱ ነው የሚጽፈው። እና ብዙ የአማተር ውድድር ህግ ከ200 በታች አይፈቀድም ስለሚል ፋብሪካው ምን ያደርጋል፣ ጎማው ማስቲካ ቢሆንም 200 ብሎ ይጽፍበታል። ብሪጅስቶን አርኢ-71አርኤስም 200 ነው፣ ኤ052ም 200 ነው፣ ሃንኩክ አር-ኤስ4ም 200 ነው፣ ትራክ ላይ ግን ሃንኩኩ ለብቻው ነው። ለመሞቅ ትንሽ ይዘገያል፣ ከሁለቱ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ሙቀት ይችላል ቀኑን ሙሉ ያው ነው። የዙር ሰዓት ለማይዝ ሰው የኔ ምርጫ እሱ ነው። በአንድ ጎማ ሰኞ ስራ ቅዳሜ ትራክ የምትሉ ደግሞ 300 አካባቢ ያሉትን እዩ፣ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ ወይ ኮንቲኔንታል ኤክስትሪም ኮንታክት ስፖርት 02፣ ዝናብም አያሳፍሩም። ኦል ሲዝን (ለበጋም ለክረምትም የሚባለውን) ግን ተዉት፣ ጥርሱ ረጅምና ለስላሳ ስለሆነ ይታጠፋል፣ ይሞቃል፣ ከዛ እንደ ዳቦ እየተቆረሰ ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ ንፋስ ስንት ልሙላ? አንዱ 28 ይላል አንዱ 40 ይላል ግራ ገባኝ

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ ምክንያቱም አንዱ ስለቀዝቃዛ ጎማ ነው ሌላው ስለትኩስ። ጎማ በየ10 ዲግሪ ፋራናይት ወደ 1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይጨምራል፣ ትራክ ላይ ደግሞ በደንብ ስለሚግል ጠዋት 28 የሞላኸው ከሃያ ደቂቃ በኋላ 36 ሆኖ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ዋናው የትኩሱ ቁጥር ነው። እንደኔ ላለ ቀላል መኪና ትኩሱን ከ32 እስከ 34 ነው የምፈልገው፣ ከበድ ላለ ትንሽ ከፍ ይላል። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይነካው ለካ (አንዱ ጎን ፀሐይ ላይ ከቆመ ቁጥሩ ይዋሻል)፣ ግባ፣ ንዳ፣ ፓዶክ (መኪና የምናቆምበት ቦታ) እንደደረስክ ወሬ ሳትጀምር ውሃ ሳትጠጣ ወዲያው ለካ፣ ከፈለግከው በላይ ከሆነ አስተንፍስ፣ ከዛ የአራቱንም ደብተር ላይ ጻፍ። ስልክ ላይ አይደለም ደብተር ላይ፣ እጅህ ቆሻሻ ነው። መለኪያው ሁሌ አንድ ይሁን፣ ሁለት መለኪያ ሁለት ፒኤስአይ ሲለያይ አይቻለሁ። ደግሞ ይሄን ሰው ሁሉ ይረሳዋል፣ ቀኑን ሙሉ ስታስተነፍስ የዋልከው ጎማ ማታ ሲቀዘቅዝ 25 ወይ 24 ይሆናል፣ በሱ ሃይዌይ ላይ ወደ ቤት መንዳት አደጋ ነው፣ ሲበርድ በሩ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር መልሰው። ትንሽ ኮምፕረሰር ግዛ፣ ከጎማው በፊት የምትገዛው ዕቃ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ሲቪክ ነው የምነዳው። የፊት ጎማዎቼ የውጪው ጫፍ ብቻ ተላጭቷል፣ በተለይ የግራው፣ መሃሉና ውስጡ ግን አዲስ ነው። ጎሚስታው ንፋስ አንሶሽ ነው አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ ግማሽ እውነት ነው። ንፋስ ሲያንስ ሁለቱም ጫፍ ነው የሚበላው፣ ሲበዛ መሃሉ ነው። ያንቺ የውጪው ብቻ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ኩርባ ላይ መኪናው ወደ ውጪ ይጋደማል፣ ጎማውም አብሮ ይጋደምና በውጪው ጫፍ ብቻ ይቆማል፣ ጫማሽ በአንድ ጎን እንደሚያልቀው ማለት ነው። ግራው የባሰበት ሰሚት ፖይንት ሄደሽ ከሆነ አይግረምሽ፣ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ነው የሚዞረው፣ ከባዶቹ ኩርባዎች ወደ ቀኝ ናቸው፣ ክብደቱ ሁሉ ግራ ፊት ላይ ያርፋል። ሲቪክ ደግሞ የሚጎትተውም የሚያዞረውም ፊቱ ነው፣ የኋላው ዝም ብሎ ይከተላል።

መፍትሄው ካምበር ነው፣ ማለትም ጎማው ከላይ ትንሽ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ማድረግ። የጎዳና መኪና ከፋብሪካ ሲመጣ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው፣ ትራክ ላይ ግን ኔጌቲቭ 2 ወይ 3 ዲግሪ ጎማውን በጣም ነው የሚያተርፈው። የካምበር ቡሎን አለ ርካሽ ነው፣ አላይመንት ቤት ወስደሽ ቡሎኑ የሚፈቅደውን ያህል ካምበር አሰጪው፣ ቶውን (ጎማው ከፊት ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጪ የሚያይበትን) ግን ዜሮ አካባቢ ይተዉልሽ፣ ብዙ ሰው ካምበር ውስጡን በላብኝ የሚለው ቶው ተበላሽቶበት ነው። እስከዛ ድረስ የፊቱን ወደ ኋላ እያዞርሽ ንጂ።

አትቆጪኝና ሌላም ነገር አለ። ፊቱ መንሸራተት ሲጀምር መሪ ትጨምሪያለሽ? ሁላችንም እናደርገዋለን። መኪናው አልዞር ሲል እጅ በራሱ ይጨምራል፣ ያኔ ጎማው መዞሩን ትቶ እንደ ላጲስ በጫፉ ይፋቃል። እኔን አንድ አስተማሪ ሁለት ቀን ሙሉ "መሪውን መልስ፣ መልስ" እያለ ጮኾብኝ ነው የገባኝ። ኩርባው ውስጥ ትንሽ ቀስ ብለሽ ግቢና መሪ ሳትጨምሪ ጠብቂው፣ ይይዛል። ለማረጋገጥ የጎማው ትከሻ ላይ በጠመኔ መስመር አስምሪ፣ ብዙ ጎማ ጎኑ ላይ ትንሽ ሶስት ማዕዘን ምልክት አለው፣ ጠመኔው እስከዛ ድረስ ከጠፋ ትክክል ነው፣ ከዛ አልፎ ወደ ጎን ከወረደ ንፋስ አንሷል ወይ እጅሽ በዝቷል።

ጥያቄ፦ በተራ አየር ፋንታ ናይትሮጅን ልሙላ?

መልስ፦ አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ደረቅ መሆኑ ነው ጥቅሙ፣ እርጥበት ያለው አየር ሲሞቅ ቁጥሩ ይዋዥቃል። ለኛ ገንዘብ አይከፈልበትም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ይሄን ነገር ጀምሯል፣ እሁድ ማታ መኪናውን ይዞ ሲመጣ ጎማው ላይ ትናንሽ የጎማ ቁርጥራጭ ተለጥፎበት አየሁ፣ ፀጉር ያበቀለ ይመስላል። ሊፈነዳ ነው ወይ? እናቱ አልተኛችም።

መልስ፦ አባቴ ጤና ይስጥልኝ። አይፈነዳም፣ እናቱን ያረጋጉልኝ። እሱ ከሌሎች መኪኖች ጎማ እየተፋቀ መንገድ ዳር የሚከማች ፍርፋሪ ነው፣ የጋለ ጎማ እንደ ሙጫ ስለሆነ ወደ ፓዶክ ሲመለስ ያነሳዋል። ሲነዳ በራሱ ይረግፋል። እርስዎ ማየት ያለብዎ ሌላ ነገር ነው፣ ጎማው ላይ ትናንሽ ጉድጓድ ወይ የፈነዳ ውሃ መቋጠር የመሰለ ነገር ካለ ከውስጥ ከመጠን በላይ ግሏል ማለት ነው፣ ጎኑ ላይ እብጠት ካለ ደግሞ ቁልፉን ይውሰዱበት። እና የጎማውን ዳዶ በየመሃሉ በቶርክ ቁልፍ ይፈትሽ እንደሆነ ይጠይቁልኝ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ፣ ኦቶድሮም የሚባለው ትራክ እሄዳለሁ። በሶስተኛው ዙር መኪናው ሳሙና ላይ ያለ ይመስላል። ጎማው አዲስ ነው።

መልስ፦ ስለሞቀ ነው። ለስላሳ 200 ከሆነ እዛ ሀገር በጋ ላይ ገና ሳትገባ ግማሽ መንገድ ሞቋል። ቀዝቃዛውን ንፋስ ዝቅ አድርገህ ጀምር፣ ሁለት ዙር ጠንክረህ አንድ ዙር ቀስ በል፣ የማታውን ሰዓት ምረጥ፣ ሲያልቅ ሙቀት የሚችል ጎማ አስር። ሳሙና ሲሆንብህ አትታገለው፣ እልህ የገባህ ዙር ነው ጎማውን የሚገድለው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ። እዚህ ትራክ የለም ግን ከውጭ የመጣ ያገለገለ ሰሚ ስሊክ (ጎድጓዱ ትንሽ የሆነ የትራክ) ጎማ አገኘሁ፣ ጥርሱ ደህና ነው። ቪትዝ ላይ ላስረው?

መልስ፦ ኧረ በፈጠረህ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ፣ 2316 ካለ በፈረንጆች የ2016 23ኛው ሳምንት ላይ ተሰራ ማለት ነው፣ አስር ዓመት ገደማ። ጥርስ ቢኖረውም ላስቲኩ ደርቋል፣ ብዙ ጊዜ ግሎ የቀዘቀዘ ጎማ ይጠነክራል፣ አይቆነጥጥም። የክረምት ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጎድጓዱ ትንሽ ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ቪትዝህ ላይ ደህና አዲስ ጎማ እሰር። ቀለበት መንገድ ደግሞ ትራክ አይደለም፣ ሰው ይሻገራል፣ ይሄን ስለማውቅ ነው የምልህ።

ጥያቄ፦ አዲስ ጎማ አስሬ በቀጥታ ብጠነክር ችግር አለው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ሴሽን (አንዴ ገብተህ እስክትወጣ ያለውን) ቀስ በቀስ አሙቀው፣ ከዛ ከተቻለ አንድ ቀን አሳርፈው። እንደዛ ያደረግኳቸው እኩል ነው ያለቁልኝ። ክረምት ላይ ደግሞ በረዶ የሚሆን ጋራዥ ውስጥ አትተዋቸው፣ አንዳንዱን ለስላሳ ጎማ ብርድ ይሰነጥቀዋል፣ ፋብሪካዎቹም ያስጠነቅቃሉ። የኔ አራቱ አልጋ ስር ናቸው፣ ባለቤቴ እስካሁን ይቅር አላለችኝም።

ጥያቄ፦ መቼ ነው በቃ አለቀ የሚባለው? ህጉ 1.6 ሚሊሜትር ይላል፣ ትራክ ላይ ግን ሰው ከዛ በታች ሲነዳ አያለሁ።

መልስ፦ ደረቅ ላይ ያለጥርስም ይይዛል እኮ፣ እንደውም አንዳንዱ ያኔ ነው የሚያምርበት። ችግሩ ከላስቲኩ ስር ያለው ክር ነው። ክር ካየህ ያ ቀን አለቀ፣ አንድ ዙር ብቻ የሚባል የለም። የሚያታልለው ደግሞ ውስጠኛው ጫፍ ነው፣ ቆመህ ስታየው አይታይም፣ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙረህ ወይ በክሪክ አንስተህ እጅህን አስገብተህ ዳስሰው። አንዴ ከምሳ በፊት ሳልዳስስ ገባሁ፣ ስወጣ ከኋላዬ ሲነዳ የነበረ ልጅ መጥቶ "የቀኝ ኋላህ ያብረቀርቃል" አለኝ፣ ክሩ ወጥቶ ነው። ዕለቱ እሁድ፣ ደውዬ ያገኘሁት ጎማ ቤት ሁሉ ዝግ፣ የኔ ሚያታ ደግሞ ስኮርት ጎማ የላትም። መኪናዋን እዛው ትቼ በሰው መኪና ቤት ገባሁ፣ ሰኞ ከስራ ፈቃድ ጠይቄ ጎማ ተሸክሜ ተመለስኩ። ከዛ ወዲህ ምሳ የሚበላው ጎማው ከተዳሰሰ በኋላ ነው።