የአባትየው ጠመንጃ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አንድ አጭር ልብ ወለድ ጽፌ ለአባቴ አነበብሁለት። ልጅቷ በፌስቡክ የተዋወቀችውን ልጅ አገባለሁ ስትል አባቷ ከግድግዳ ላይ ጠመንጃ ያወርዳል፣ እናቷ ራሷን ትስታለች፣ እሷም በመስኮት ትጠፋለች። አባቴ ሳቀና «የሰውየው ጠመንጃ ፈቃድ አለው?» አለኝ። ተናደድሁ። ጠመንጃውን ሳወጣው ደግሞ ታሪኩ ቀዘቀዘብኝ። በፍቅርና በትዳር ጉዳይ ወላጅና ልጅ ሲጋጩ ያለ ማጋነን መጻፍ ይቻላል?

መልስ፦ አባትሽን ሰላም በይልኝ፤ ጥሩ አርታኢ አለሽ። ማጋነንን አትፍሪው፤ አንቺ ግን ያጋነንሽው ጩኸቱን ብቻ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ደሴ እኛ ቤት ሽማግሌዎች ሲመጡ እኔ ጓዳ ቡና እወቅጥ ነበር። ሦስት ናቸው። «ተቀመጡ» ቢባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። አባቴ አልተቆጣም። በመጀመሪያ ስለ በልጉ ዝናብ አወራቸው። ቀጥሎ የልጁን አያት ስም ጠየቀ፤ ከዚያ የቅድመ አያቱን። ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ሊቆጥር መሆኑ ገባኝ። አራተኛው ላይ አንደኛው ሽማግሌ ተደናገሩ። አባቴም በትሕትና «እስቲ ከወንድሞቼ ጋር ልምከርበት» አለ። አንዱ ወንድሙ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሰብ ነበሩ። ደብዳቤ ሄዶ መልስ እስኪመጣ አምስት ወር ጠበቅሁ። እንቢ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም! የአሰቡ አጎቴ በመጨረሻ የጻፈው «ልጅቷ አንተ ዘንድ ሆና እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» የሚል ነበር። የዚያን ዕለት የወቀጥሁት ቡና እንደ በርበሬ ልሞ ስለነበር እናቴ እስክትሞት ትስቅብኝ ነበር።

ማጋነን ካማረሽ እዚህ ላይ አጋኚ። አባትየው ሰባት ቤት ቆጥሮ ሲጨርስ አሥራ አራተኛውን ይጀምር። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ክረምቱ ይግባ። አንባቢ ይስቃል፤ ግን ያንን ሰው ያውቀዋል።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደገና አንብቢው። ፊታውራሪ መሸሻ በጣም የተጋነኑ ሰው ናቸው። ሆኖም ሰብለ ወንጌልን የሚጠይቃት ሁሉ የሚመለስበት ምክንያት ቁርጥ ያለ ነው፤ በዘር የሚተካከላት የለም። ትምክህታቸው ቢያብጥም ሂሳባቸው አይዛነፍም። ደግሞ አስተውይ፦ የዘመኑን ሥርዓት አምርሮ የሚነቅፈው ጉዱ ካሳ ጎረምሳ አይደለም። አንቺ ግን ሽበት ያለውን ሁሉ በአንድ ወገን፣ ወጣቱን ሁሉ በሌላ ወገን አሰልፈሻል። ሙሽራው ከእናቱ ይልቅ ስለ ዘር የሚጨነቅበት ቤት አላየሽም? እኔ አይቻለሁ።

ስለ መስኮቱም ልጠይቅሽ። ልጅቷ ዕድሜዋ ስንት ነው? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት የጋብቻ ዕድሜ 15 ነበር፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አድርጎታል። እንደ አንቺ 24 ከሆናት የክብር መዝገብ ሹም ፊት ቀርባ መፈረም ትችላለች፤ የማንንም ፈቃድ አትለምንም። ታዲያ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ከቤት የማያስወጣት ምንድን ነው? ምናልባት መልስ ሲጠራ አባቷ አልመጣም የሚባለውን ወሬ ፈርታ ይሆናል። እዚያ ላይ ሦስት ገጽ ብትጽፊ አይበዛብኝም።

እናትየዋንም አታስቺያት። የእኔ እናት ስለ ልጁ የጠየቀችው «ቤታቸው ውኃ የሚቀዳው ከየት ነው?» ብላ ብቻ ነው።

አዲሱን ረቂቅ ለአባትሽ አንብቢለት። እንደገና ስለ ጠመንጃው ፈቃድ ከጠየቀሽ ወደ ጠረጴዛሽ ተመለሺ፤ ዝም ካለ ለእኔ ላኪልኝ።