አሉሚኒየም ወይስ ስቴንለስ? የሐይቅ ጀልባ ፕሮፔለር ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ሞተር እጠግናለሁ። በዓል ሲቃረብ ደሴ አቅራቢያ ባለው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ላይ ጀልባ የሚያወጡ ሰዎች ስልኬን አያሳርፉትም። ዘንድሮ ጥያቄው ሁሉ ስለ ፕሮፔለር፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ተሽከርክሮ ጀልባውን ስለሚገፋው ባለ ክንፍ ዕቃ ሆነ። እዚሁ ልመልስ።

ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ሞተሬ 40 የፈረስ ጉልበት ነው። ስቴንለስ ልግዛ?

አሉሚኒየም ይበቃሃል። ስቴንለስ (የማይዝገው ብረት) ጠንካራ ስለሆነ ክንፉ ስስ ተደርጎ ይሠራል፤ ሲሽከረከርም አይጎብጥም። ፍጥነት ትንሽ ይጨምራል። ዋጋው ግን እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ቤተሰብ ጭነህ ቀስ እያልክ ለምትዞረው ምን ያደርግልሃል?

ድንጋይ ቢመታስ? ጠንካራው አይሻልም?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሉሚኒየም ሲመታ ይጣመማል ወይ ይሸረፋል። ስቴንለስ እንቢ ይላል፤ እሱ እንቢ ሲል ምቱ ወደ ዘንጉና ወደ ጊሩ ያልፋል። ፕሮፔለሩ መሀል ላይ ያለው ጎማ ተንሸራቶ ምቱን እንዲያበርድ ነው የተሠራው፤ ሁሌ ግን አይደርስም። እኔ ርካሹ ፕሮፔለር ተሰብሮ ውዱ ጊር ቢተርፍልኝ እመርጣለሁ። የተጣመመውን አሉሚኒየም ማቃናት፣ የተሸረፈውንም በአርጎን መበየድ ይቻላል። ክንፎቹ እኩል ካልሆኑ ግን ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። አንዴ በዓይን ገምቼ አቃንቼ ደንበኛዬ ከሐይቁ መሀል እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ። በነፃ ደገምኩለት፣ ምን ላድርግ!

ፕላስቲኩስ?

ለትንሽ ሞተርና ለመጠባበቂያ።

አዲስ ፕሮፔለር ገዛሁ። ሙሉ ጋዝ ስሰጠው ሞተሩ ዙር አያነሳም። ፎርጅድ ሸጡልኝ እንዴ?

አብሽር፣ ዕቃው ላይሆን ይችላል። የሐይቁ ውሃ ከባሕር ወለል ከ1,900 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ እዚያ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ሄዷል ማለት ነው። ፕሮፔለሩ ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛለህ። የመጀመሪያው ክንፎቹ ሲሽከረከሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ ነው። ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ ባንድ ዙር ስንት ኢንች ወደፊት ሊሄድ እንደሚችል ይነግርሃል። ፒቹን በ1 ኢንች ስትቀንስ ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። 13 ከሆነ 11 ሞክር። በሙሉ ጋዝ ስንት ዙር መድረስ እንዳለበት የሞተሩ መመሪያ ላይ አለ፤ ከሱ አትለፍ። ይሄ ሳይስተካከል ወርቅ ፕሮፔለር ብትገጥምም ለውጥ የለውም።

ውሃው አሉሚኒየሙን አይበላውም?

እንደ ባሕር ጨው አይፈጀውም። ቀለሙ ሲላጥ ቀባው። እኔን የሚያሰጋኝ የቆሮሶ ዓሣ ማጥመጃ መረብ ክር ነው። ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ዘይት እንዳይወጣ፣ ውሃም እንዳይገባ የሚከለክለውን ጎማ (ሲል) ይቆርጣል። አልፎ አልፎ ፕሮፔለሩን ፈተህ እይ። የጊር ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ጀልባውን አቁምና ደውልልኝ።