«ደካማ» ወይስ «ደብዛዛ»?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «የተጣመሩ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች በጣም ሩቅ የሆነ ‹ደካማ የሬዲዮ ምንጭ› አገኙ ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ‹ደብዛዛ› በል አለኝ። ማን ልክ ነው?»

ጓደኛዎ።

ደካማ ከ«ደከመ» ነው፤ ግእዙም «ደክመ» ይለዋል። ድካም፣ ድኩም፣ ድኩማን ሁሉ የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። አቅም ያጣ ነገር ነው ደካማ የሚባለው። እዚያ ማዶ ያለው ምንጭ፣ ለምሳሌ ኳዛር (በሩቅ ጋላክሲ እምብርት ያለ እጅግ ብሩህ አካል)፣ ግን አቅም መች አጣ? የአንድ ሙሉ ጋላክሲ ከዋክብት ተደምረው ከሚሰጡት የሚበልጥ ኃይል ይረጫል እኮ! እኛ ጋ ሲደርስ ያሳነሰው ርቀቱ ነው።

«ደብዛዛ» ስንል ግን ነገሩ አለ፣ እኛ ነን በቅጡ ያልለየነው። «ደብዛው ጠፋ» የምንለው ደብዛ ራሱ የዚህ ቃል ሥር ነው ብዬ አምናለሁ፤ «ዘ» ተደግማ ደበዘዘ ሆነ። ደብዛ ዱካ ነው። የእነዚህ ቴሌስኮፖች ሥራም ደብዛ ፍለጋ ነው። አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ያለውን ቪኤልኤ የተባለ የተጣመረ ቴሌስኮፕ ውሰዱት፦ 27 ሳህን መሰል አንቴናዎች፣ እያንዳንዱ 25 ሜትር ስፋት፣ ሁለት ሁለት ሲጣመሩ 351 ጥንድ። እያንዳንዱ መቀበያ የራሱ ጫጫታ (ራሱ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ረብሻ) አለው፣ የአንዱ ጫጫታ ከሌላው ጋር አይገጥምም፣ ስለዚህ የሁለቱ ሞገድ እየተባዛ ለሰዓታት አማካዩ ሲወሰድ ጫጫታው እየሟሸሸ ይሄድና ከሰማይ የመጣው፣ የሁለቱም የጋራ የሆነው ይቀራል። ጫጫታውን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ጊዜ መጠበቅ ነው። በመጨረሻ ብቅ የሚለው ነገር የአንድ ጃንስኪ (የሚደርሰን የሬዲዮ ሞገድ ጥንካሬ መለኪያ) ሚሊዮንኛ ሊሆን ይችላል። ይሄ ነው ደብዛ!

«ደብዛዛ የዓይን ቃል ነው፣ ሬዲዮ አይታይም» የሚሉ አሉ። አይመስለኝም። ሬዲዮ የብርሃን ወንድም ነው፤ ከሳህኖቹ ተቀምሮ የሚወጣውም ምስል ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ብዙዎች ጥራት ለጎደለው ምስልም «ደብዛዛ» ይላሉ፤ ሳህኖችን ማራራቅ ደግሞ ምስል ያጠራል። ሁለቱ እንዳይምታቱ ላልጠራው «ብዥ ያለ» በሉልኝ፣ ቃሉ አለን።

«ደካማ ሲግናል»ን ግን መመለስ አልችልም። ኔትወርክ ደካማ ነው ሳይል የሚውል ሰው የለም። እሺ፣ ለደረሰን ምልክት ይሁን፤ ለምንጩ ግን እምቢ። ስለ «ፈዛዛ»ም የምትጠይቁኝ አላችሁ። ፈዛዛ ብርሃን የሚሉ ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ስህተትም አይደለም። እኔ ግን ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ቀልቡ የሌለ ሰው ነው የሚታየኝ፤ አልጽፈውም።