«ልምድ የለኝም» ላልሽኝ የእንስሳት ሐኪም

ከባሕር ዳር የጻፍሽልኝ እህቴ፣

እንስሳትን ከጭካኔ በሚታደግ ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ መሥራት ትፈልጊያለሽ፤ ማስታወቂያው ሁሉ ግን ልምድ ይላል። አባትሽ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ የአህያ ቁስል ልታጥቢ? ባንክ ግቢ» ይላሉ። ደመወዙ አሳስቦሻል፤ ካልሆነ የራሴን ድርጅት ላቋቁም ወይ ብለሻል።

ያያያዝሽው ማመልከቻ ግማሹ ስለ ፍቅርሽና ስለ ጨካኝ ባለጋሪዎች ነው። እሱን አውጪው። እዚህ አገር በጋማ ከብት ላይ የሠሩት እነ ብሩክና ስፓና የተባሉ የእንስሳት ደኅንነት ድርጅቶች የሚፈልጉት የቁስሉን መነሻ የሚያገኝና ከባለቤቱ ጋር የሚነጋገር ሰው ነው። ባለጋሪው በዚያ እንስሳ ልጆቹን የሚያበላ ሰው ነው፤ በቁጣ ከመጣሽበት ጋሪውን ነድቶ ይሄዳል፣ ቁስሉም አብሮት ይሄዳል።

ልምዱን እዚያው ባሕር ዳር ሥሪው። ቅዳሜ ከዘንዘልማና ከመሸንቲ በኩል ጭነው ከሚገቡት አህዮች 30 ያህሉን፣ ባለቤቶቹን አስፈቅደሽ፣ መዝግቢ፦ ዕድሜ በጥርስ፣ የሰውነት አቋም ከ1 (በጣም ከሲታ) እስከ 5 (በጣም ወፍራም)፣ ቁስሉ የት እንዳለና ስፋቱ በሴንቲሜትር፣ የጭነቱ ኪሎ፣ ማሰሪያው ከምን እንደተሠራ።

ቁስሉ ያለበት ቦታ ምክንያቱን ይነግርሻል። አከርካሪው ላይ ከሆነ ጭነቱ በቀጥታ አጥንቱ ላይ ተቀምጧል። ደረት ላይ ከሆነ ማሰሪያው ቀጭን ነው፣ ብዙ ጊዜም የናይለን ገመድ ነው። ጅራት ሥር ከሆነ የኋላው ገመድ ይፈገፍጋል። ባለሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ጭነቱ ወደ ፊት ካደላ ጀርባውን ይጫነዋል፤ ወደ ኋላ ካደላ ደግሞ የሆዱ ማሰሪያ ወደ ላይ ይስበዋል።

ቁስሉን 1 ሊትር አፍልተሽ ባቀዘቀዝሽው ውኃ ውስጥ 9 ግራም ጨው አሟሙተሽ ብታጥቢው ጥሩ ነው፤ ያው ጆንያ በማግስቱ ከተመለሰበት ግን ድካምሽ ከንቱ ነው። ስለዚህ ከባለቤቱ ጋር ሆናችሁ ድልድል ሥሩ፦ ሁለት ረጃጅም የጨርቅ ከረጢቶች፣ ጭድ የተጠቀጠቀባቸው፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚያርፉ፣ መሐላቸው አራት ጣት ክፍት የሆነ። የማዳበሪያ ከረጢት አይሁን፤ ላብ ይይዛል፣ ይሞቃል፣ ቆዳ ይልጣል። ጨርቁ በየሳምንቱ ይታጠብ፤ የደረቀ ላብ እንደ አሸዋ ይፈጋል። ጭነቱም ከአህያዋ ክብደት ሲሶ አይብለጥ፤ 120 ኪሎ ለምትመዝን 40 ኪሎ ማለት ነው። በነጻ አድለሽ አትሂጂ፤ ባለቤቱ ራሱ መስፋት ካልቻለ ሲቀደድ ወደ ጆንያው ይመለሳል።

ከአራት ሳምንት በኋላ እነዚያኑ አህዮች ፈልገሽ ድጋሚ ለኪ። ያልዳኑትንም ጻፊ፣ ለምን እንዳልዳኑ ጭምር። ከማመልከቻሽ ጋር የምታያይዢው ይህንን አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነው።

አባትሽን በተመለከተ፣ አክብሬ እናገራለሁ፣ ተሳስተዋል። አህያዋ ስትወድቅ የሚወድቀው የአንድ ቤተሰብ ገቢ ነው፤ እሷን ማከም የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ባንክ ገብተሽ ሦስት ዓመት ብትቆዪ ደግሞ እጅሽ ሙያውን ይረሳል። የወረዳ እንስሳት ክሊኒክ ቦታ ካገኘሽ ግን ሁለት ዓመት ግቢበት። እኔም ከመንግሥት ቤት ነው ወደ ፕሮጀክት የገባሁት፤ ገበሬውንና ቀበሌውን የሚያውቅ ሰው መስክ ላይ አይቸገርም።

ደመወዙ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ያልቃል፤ ከመጀመሪያው ወር ጀምረሽ ቆጥቢ። የራስ ድርጅት አሁን አይሆንም፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪን በ20 በመቶ ይገድባል፣ ሒሳብ ያዥና ኦዲት ይፈልጋል፣ አንቺም ገና ለጋሽ የለሽም። የጎዳና ውሻ ላይ የሚሠራ ቦታ ካገኘሽ ከመጀመርሽ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ውሰጂ፤ ሁለተኛው መርፌ ከመጀመሪያው በሰባተኛው ቀን ነው።

ሠንጠረዡ ሲያልቅ ላኪልኝ፤ ማመልከቻውን በእሱ ላይ ተመሥርተን እንደገና እንጽፈዋለን።