ጥያቄና መልስ፦ የምርኮኛ ገንዘብና የጦርነት ፎርጅድ

የድሮ ገንዘብ እንደምሰበስብ የምታውቁ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ገንዘብ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ምርኮኛ ገንዘብ ምን ያደርግለታል?

መልስ፦ በ1929ኙ የጄኔቫ ስምምነት መሠረት የሚሠራ ምርኮኛ ይከፈለዋል፤ መኮንን ደግሞ ባይሠራም ደመወዝ አለው። ግን እውነተኛ የጀርመን ማርክ ከሰጡት ካመለጠ በኋላ የባቡር ትኬት ይቆርጥበታል! ስለዚህ ጀርመኖች ከካምፑ ካንቲን ውጭ የማይሠራ ወረቀት አተሙ፤ ላገርጌልት ይባላል፣ የካምፕ ገንዘብ ማለት ነው። አሜሪካም ጋ ያው ነው፤ እዚያ የታሰረ ጀርመናዊ ለቀን ሥራው 80 ሳንቲም በኩፖን ይከፈለው ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሲጋራ ነበር ገንዘቡ የሚባለው ውሸት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ካንቲኑ ባዶ ከሆነ ኩፖኑ ምን ይገዛል? የቀይ መስቀል እሽግ ግን ሲጋራ ይዞ ይመጣል። ራድፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ኢኮኖሚስት ራሱ ተማርኮ ያየውን በ1945 ጽፎታል። ዳቦውም ቸኮሌቱም በሲጋራ ይተመን ነበር። እሽጉ ሲዘገይ ሰዉ ያለውን ያጨሰዋል፤ ሲጋራ ይጠፋል፣ የዕቃ ዋጋም ይወርዳል። እሽግ በገባ ማግስት ዋጋው ይንራል።

ማጭበርበሩ ደግሞ አይቀርም። ሲጋራውን በጣታቸው እያሹ ትንሽ ትምባሆ ያራግፉና መልሰው ይገበያዩበታል። ጥሩ ጥሩውን አጭሰው መናኛውን ለገበያ! ከዚህ የተሻለ የኢኮኖሚክስ ትምህርት አላየሁም።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝን ፓውንድ ፎርጅድ የሠሩት የጦር ምርኮኞች ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፤ ይሄ ብዙ ጊዜ ይምታታል። ዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ፣ 18ኛና 19ኛ ብሎክ ውስጥ የተዘጋባቸው 140 ገደማ አይሁዳውያን እስረኞች ናቸው። አለቃቸው በርንሃርድ ክሩገር የተባለ የናዚው ኤስኤስ ጦር መኮንን ነበር፤ ዘመቻውም በስሙ ተጠራ። ሥራው ሲያልቅ እንደሚገደሉ ያውቁ ነበር። የተረፉት እንደመሰከሩት፣ ዶላር እንዲሠሩ ሲታዘዙ ሆን ብለው አጓተቱት።

ያተሙት ፓውንድ ግን ከ130 ሚሊዮን በላይ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ከአውሮፕላን እንግሊዝ ላይ ሊበተን ነበር፤ በኋላ ዕቃ መግዣና ሰላይ መክፈያ ሆነ። አንካራ የእንግሊዝ አምባሳደር አሽከር የነበረው ኤሊዬሳ ባዝና ለጀርመኖች ምስጢር ሸጦ የተከፈለው አብዛኛው ፎርጅድ ነበር። የእጁን አገኘ፣ ምን ይባላል!

ጥያቄ፦ እንግሊዞችስ ምን አደረጉ?

መልስ፦ በ1943 ከ5 ፓውንድ በላይ የሆኑ ኖቶችን ማውጣት አቆሙ። ባለ 10 ፓውንዱ የተመለሰው በ1964 ነው።

ጥያቄ፦ እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ነበር?

መልስ፦ ለዚህ የሚቀርበው የጠገራ ብር ነገር ነው። ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ በ1935 የማሪያ ቴሬዛን ቅርጽ ማውጫ ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ መምታት ጀመረ። እንግሊዝም በ1936 ለንደን ላይ ተከተለች። ፎርጅድ ለማለት ግን ይከብደኛል፤ ብሩ ትክክለኛ፣ ክብደቱም ያው ነው። ሁሉም ላይ የተጻፈው 1780 ነው። እና ወንድሜ፣ ነጋዴው «ይሄ የ1780 ነው» ብሎ ዋጋ ሲቆልልብህ እንዳትከፍል።